እማዬ ሌሊት ማን አላት? በአሜሪካ የአረጋውያንን እንክብካቤ ዓይነት ለይቶ የመምረጫ መመሪያ

እናቴ ለሁለተኛ ጊዜ ወድቃ ሆስፒታል በተኛች በአራተኛው ቀን፣ ሶሻል ዎርከሯ የአምስት ቤቶች ስም ያለበት ወረቀት ሰጠችኝና "ነገ ጠዋት ትወጣለች፤ እስከዚያ አንዱን ምረጪ" አለችኝ። ያን ማታ ስልኬ አላረፈም። አክስቴ "ነርሲንግ ሆም እንዳታስገቢያት፣ አደራ!" አለች። የአጎቴ ልጅ "አሲስትድ ሊቪንግ ይሻላል፣ ሜዲኬር ይከፍላል" አለኝ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ደግሞ "ሁሉም ያው ነው" አለች። ሁሉም ከልባቸው ነበር የሚያወሩት፣ ግን ሁሉም ስለተለያየ ነገር ነበር የሚያወሩት። አክስቴ የፈራችው ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሚኖርበትን ቤት ነው። ወረቀቱ ላይ የነበሩት ግን እናቴ ለጥቂት ሳምንታት መራመድ የምትለማመድባቸው ማገገሚያዎች ነበሩ። የአጎቴ ልጅ የጠቀሳት ቦታ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጭራሽ አልነበረችም፤ ሜዲኬርም፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ አይከፍልላትም።

ግራ መጋባታችን ምክንያት አለው። አገር ቤት "የአረጋውያን ቤት" ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ነው፤ መቄዶንያ ከየመንገዱ አንስቶ የሚያስጠጋው ዓይነት። ስለዚህ ቃሉ ገና ሲነሳ ሆዳችን ይባባል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዝርዝር መስማት እንተዋለን። አሜሪካ ውስጥ ግን በዚያ አንድ ቃል ሥር ቢያንስ ስድስት ሰባት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ፈቃዳቸው፣ ከፋያቸው፣ ሌሊት በር ላይ የሚገኘው ሰው ይለያያል። ይህን የምጽፈው ወላጆቻቸውን በግሪን ካርድ አምጥተው አብረው ለሚኖሩ ልጆች ነው፤ ያ ወረቀት እጃችሁ ላይ ሳይደርስ እንድታነቡት።

ደረጃ 1፦ የቤት ስም ከመፈለጋችሁ በፊት ሰባት ቀን ጻፉ

አንድ ደብተር ያዙና ስድስት ነገሮችን ከላይ ወደ ታች ጻፉ፦ ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች የሚለኩበት ዝርዝር ነው፤ መኖሪያዎቹም ኢንሹራንሶቹም ዛሬ ድረስ የሚጠይቁት እሱኑ ነው። በየቀኑ ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት "ራሷ"፣ "በእገዛ"፣ ወይም "በሰው" ብላችሁ ሙሉ። ከሥሩ ደግሞ መድኃኒት መውሰድ፣ ምግብ ማብሰል፣ ስልክ መደወልና ገንዘብ መያዝ ይግቡ።

ከዚያ ለሌሊት ብቻ የተለየ ገጽ ያዙ። ስንት ጊዜ ተነሡ? በራሳቸው ነው? የውጭውን በር ከፍተው ያውቃሉ? ምድጃ ሳያጠፉ ተኝተው ያውቃሉ? ቀኑን ብዙ ቤተሰብ ተጋግዞ ይወጣዋል። የኋላ ኋላ ቤቱን የሚመርጠው ሌሊቱ ነው። እኔ እናቴን ቤት ማቆየት ያቃተኝ በቀኑ ሥራ አይደለም። በሌሊት አራትና አምስት ጊዜ እየተነሣሁ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ስላልቻልኩ ነው።

ወላጆቻችን እንግዳ ፊት እንደሚበረቱ አትርሱ። ዶክተሩ "እንዴት ነዎት?" ሲል "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው። ይሉኝታው ከነርሷ ፊት ይበረታል። ስለዚህ ደብተሩን ይዛችሁ ግቡ፣ የተጻፈውን አንብቡ። አንድ የራሴን ዘዴ ልንገራችሁ፦ እናታችሁ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። መቁላት፣ መፍጨት፣ ጀበናው ሲፈላ ማውረድ፣ ማስከን፣ ቀድቶ ማዳረስ፤ ዕድሜ ልኳን የሠራችው ሥራ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል መሃል ግራ መጋባት ከጀመረች፣ ከማንኛውም ወረቀት በፊት ያኔ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ ዓይነቶቹን ለዩ

የሲኒየር አፓርታማ። ራሳቸውን ችለው ለሚኖሩ ነው። ኪራይ ነው እንጂ እንክብካቤ አይደለም፤ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ ሰው የለበትም። ብዙ የእኛ አረጋውያን የሚኖሩት መንግሥት በሚደግፋቸው ዕድሜያቸው 62 ዓመት የሞላ ሰዎች በሚገቡባቸው ሕንጻዎች ነው፤ እዚያ ተከራዩ የሚከፍለው ከተጣራ ገቢው 30 በመቶ ገደማ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ወላጅ ገና ጠንካራ ሳለ መመዝገብ ይሻላል። አቅም ሲቀንስ ደግሞ ረዳት ወደ አፓርታማው እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል።

የቀን መዋያ። ይህን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እወደዋለሁ፣ ሰው ግን አያውቀውም። ጠዋት ቫን መጥቶ ይወስዳቸዋል፤ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፣ ነርስ ግፊትና ስኳራቸውን ትለካለች፣ እንቅስቃሴ ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ይመለሳሉ። እናንተ ሥራ ትውላላችሁ፣ እናታችሁ አልጋዋ ላይ ታድራለች። የእኛ ሰዎች በሚበዙባቸው እንደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባሉ አካባቢዎች አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ ያለባቸውን ማግኘት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ብቻዋን የምትውል እናት እኩያዋን አግኝታ ስትጫወት ማየት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ፔስ። ከቀን መዋያ ሰፋ ያለ ፕሮግራም ነው፤ ዶክተሩን፣ መድኃኒቱን፣ መጓጓዣውን፣ የቤት ረዳቱን አንድ ቡድን ይይዘዋል። ዕድሜ 55 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ስቴቱ "የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ ያስፈልገዋል" ያለው፣ ግን በድጋፍ ቤቱ መኖር የሚችል ሰው ይገባበታል። ሁሉም ከተማ ውስጥ የለም። የመነሻ ታሪኩ ለእኛ ትርጉም አለው፦ በ1970ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ "ኦን ሎክ" የተባለ ድርጅት የጀመረው ነው። የስደተኛ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቻቸውን ሩቅ ቦታ ከማስገባት ይልቅ ሰፈራቸው ውስጥ ለማቆየት ፈልገው ነበር።

አሲስትድ ሊቪንግ። የራስ ክፍል ያለበት፣ ምግብ የሚቀርብበት፣ በመታጠብ፣ በመልበስና በመድኃኒት የሚረዳ ሰው ሌሊትም የሚገኝበት መኖሪያ ነው። ሆስፒታል አይደለም፤ ነርስ ሃያ አራት ሰዓት ላይኖር ይችላል። የፌዴራል መንግሥት አንድ ወጥ ሕግ የለውም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ስቴቱ ነው፣ ስለዚህ ቨርጂኒያ ያያችሁት ሜሪላንድ ላይ ላይሠራ ይችላል። ለምሳሌ ሜሪላንድ በሦስት የእንክብካቤ ደረጃ ትከፍለዋለች፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ቤቱ ለየትኛው ደረጃ ፈቃድ እንዳለው ሳትጠይቁ አትግቡ፤ የወላጃችሁ ሁኔታ ከፈቃዱ በላይ ሲሆን ሌላ ቤት ፈልጉ ልትባሉ ትችላላችሁ። መቶ ክፍል ያለው ሆቴል መሳይ ሕንጻም አለ፣ በሰፈር መሃል ያለ አምስት ስድስት ሰው የሚኖርበት ተራ ቤትም አለ። ከትንንሾቹ መካከል በእኛ ሰዎች የተከፈቱ አሉ፤ እንጀራ ይበላል፣ አማርኛ ይወራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የአገር ልጅነት የምርመራ ውጤትን አይተካም። የስቴቱን የቁጥጥር ሪፖርት የአገር ልጅም ቢሆን ጠይቁ።

ሜሞሪ ኬር። የመርሳት በሽታ ላለባቸው ነው። ብዙ ጊዜ የአሲስትድ ሊቪንግ ወይም የነርሲንግ ሆም አንድ ክንፍ ነው፤ በሩ በኮድ የሚከፈት፣ ሰው ወጥቶ እንዳይጠፋ የተሠራ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ። ስሙን በር ላይ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ "ከሌላው ክንፍ በምን ይለያል? ሠራተኞቹ ስንት ሰዓት ሥልጠና ወስደዋል? ሌሊት ለስንት ሰው ስንት ሠራተኛ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለ ሥዕልና ስለ አትክልት ቦታ ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ነርሲንግ ሆም። አንድ ሕንጻ ነው፣ ሁለት በር አለው ብላችሁ ያዙት። አንደኛው በር ማገገሚያ ነው፦ ከሆስፒታል ወጥቶ የቁስል ሕክምና ወይም የእንቅስቃሴ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ለሳምንታት ገብቶ ይወጣል። ሁለተኛው በር ለዘለቄታው ነው፦ ቀንና ሌሊት የነርስ ክትትል የሚያስፈልገው ሰው የሚኖርበት። አክስቴ የፈራችው ሁለተኛውን ነው፣ እናቴ የገባችው በአንደኛው ነበር። በሁለቱ በሮች የሚከፍለው አካልም ይለያያል።

የተቀሩትን ባጭሩ። ሁሉንም ደረጃ በአንድ ግቢ የያዙ፣ ሲገቡ ዳጎስ ያለ የመግቢያ ገንዘብ የሚጠይቁ ማኅበረሰቦች አሉ፤ ለአብዛኛው የእኛ ቤተሰብ አቅሙ አይፈቅድም። "ሬስፒት" የሚባለው ለአጭር ጊዜ ማቆያ ነው፤ ለቅሶ አገር ቤት መሄድ ሲኖርባችሁ ይጠቅማል። ሆስፒስ ደግሞ ቦታ አይደለም፣ አገልግሎት ነው፤ ሐኪም "በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች" ሲል ይጀመራል፣ ቤትም ነርሲንግ ሆምም ይመጣል። ሕመምን ማስታገስ ነው ሥራው። "ተስፋ ቆረጣችሁ ወይ?" የሚል ዘመድ ይኖራል፤ አንድ ቀን ነርሷ ስትመጣ አብሮ ይቀመጥና ይይ።

ደረጃ 3፦ ማን እንደሚከፍል አጣሩ

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። ሜዲኬር ለዘለቄታው ለመኖር፣ ለመታጠብና ለመልበስ እርዳታ አይከፍልም። አሲስትድ ሊቪንግም ሜሞሪ ኬርም ኪራያቸው በሜዲኬር አይሸፈንም። በ2024 በአገር አቀፍ የዋጋ ጥናት የአሲስትድ ሊቪንግ መካከለኛ ዋጋ በወር 5,900 ዶላር ገደማ ነበር። ለማገገሚያ ግን ሜዲኬር ይከፍላል፤ ቢበዛ 100 ቀን፦ የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ያለ ክፍያ፣ ከ21ኛው ጀምሮ ታካሚው በየቀኑ ድርሻ ይከፍላል፤ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር። 100 የተባለው ጣሪያው ነው፤ ሕክምናው አያስፈልግም ከተባለ ቀድሞ ይቆማል።

ለረጅም ጊዜ ነርሲንግ ሆም የሚከፍለው ሜዲኬድ ነው፤ ገቢና ንብረታቸው ዝቅተኛ ለሆነ። ብዙ ስቴቶች በዌይቨር ፕሮግራም፣ ማለትም የሜዲኬድ ገንዘብ ከነርሲንግ ሆም ውጭ እንዲውል በሚፈቅድ ፕሮግራም፣ ቤት ለሚመጣ ረዳትም ይከፍላሉ፤ በአንዳንዱ ረዳቱ ልጅ መሆን ይችላል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። በግሪን ካርድ የመጣ ወላጅ በአብዛኛው ሜዲኬድ ለማግኘት አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ሜዲኬርም እንዲሁ፦ 65 ዓመት የሞላውና እዚህ ያልሠራ ሰው፣ ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ በወርሃዊ ክፍያ ሊገዛው ይችላል። መሃል ላይ ረጅም ጊዜ አገር ቤት መቆየት ቆጠራውን ሊያበላሽ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ለነርሲንግ ሆም ሜዲኬድ ሲጠየቅ በአብዛኛው ስቴት ያለፉት 60 ወራት የባንክ ወረቀት ይታያል። ወላጅ በስማቸው ካለ ገንዘብ ለወንድም ልጅ የላኩት፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሰጡት፣ ቤቱን በልጅ ስም ያዞሩት ሁሉ እንደ ስጦታ ሊቆጠርና የተወሰኑ ወራት ሊያስቀጣ ይችላል። "ቤቱን ቶሎ በስምህ አድርገው" የሚል ምክር ከሰማችሁ፣ የአረጋውያን ጉዳይ ጠበቃ ሳታማክሩ አትንኩት።

ደረጃ 4፦ ሆስፒታል ውስጥ አንዷን ጥያቄ በየቀኑ ጠይቁ

ጥያቄዋ ይህች ናት፦ "ዛሬ የተመዘገበችው ኢንፔሸንት ሆና ነው ወይስ ኦብዘርቬሽን?" በመደበኛው ሜዲኬር ማገገሚያው እንዲሸፈን ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀን በኢንፔሸንት፣ ማለትም በይፋ ተኝቶ ታካሚነት፣ መመዝገብ ያስፈልጋል። በኦብዘርቬሽን፣ ማለትም ለክትትል ብቻ ተኝተው ያለፉ ቀናት አይቆጠሩም፤ አልጋው ያው፣ ነርሷ ያቺው፣ ምግቡ ያው ቢሆንም። የእናቴ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በኦብዘርቬሽን ነበሩ። ያን የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመውኛል፤ ምን እንደሆነ ማንም በአማርኛ አላስረዳኝም፣ እኔም ሳላነብ ፈረምኩ። የሦስት ሳምንት ማገገሚያ ከኪሳችን ወጣ። በአድቫንቴጅ ፕላን፣ ማለትም ሜዲኬራቸውን በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል የሚያገኙ ሰዎች ደንባቸው ሊለይ ስለሚችል ወደ ፕላኑ ደውሉ።

አስተርጓሚም ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው። ልጅ ማስተርጎም የለበትም፤ እናት ለወንድ ልጇ የማትናገረው የሰውነት ጉዳይ አለ።

ደረጃ 5፦ ሄዳችሁ እዩ፣ ሁለት ጊዜ

አንዴ በቀጠሮ፣ አንዴ ሳትናገሩ። ሁለተኛው ቅዳሜ ወይም እሑድ ምሽት ይሁን፤ ሠራተኛ የሚሳሳው ያኔ ነው። ሽታውን፣ የጥሪ ደወል ሲጮኽ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ራት ሰዓት መብላት የማይችለውን ሰው ማን እንደሚያጎርሰው እዩ። ረዳቶቹን አነጋግሩ። እዚህ አገር በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ እህቶቻችን አሉ፤ ኮሪደር ላይ አግኝታችሁ "እህቴ፣ እናትሽን እዚህ ታስገቢያለሽ?" ብትሏት ብሮሹሩ የማይነግራችሁን ትነግራችኋለች። ነርሲንግ ሆም ከሆነ በሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ "ኬር ኮምፔር" በሚለው ክፍል ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ያለውን ደረጃና የቁጥጥር ሪፖርቱን እዩ። እኔ ከጠቅላላው ኮከብ ይልቅ የሠራተኛ ብዛት የሚለውን ነው የማየው።

ደረጃ 6፦ ፊርማ ላይ ቀስ በሉ

ነርሲንግ ሆም ልጅን "በግልህ ዕዳ ትከፍላለህ" ብሎ በማስፈረም ቅድመ ሁኔታ ሰው መቀበል በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። "ሪስፖንሲብል ፓርቲ" (ኃላፊነት የሚወስድ ሰው) የሚል መስመር ካያችሁ፣ የምትፈርሙት በወላጃችሁ ስምና ገንዘብ እንደ ወኪል ብቻ መሆኑን ጻፉበት። ክስ ላለመመሥረት የሚያስፈርመው የ"አርቢትሬሽን" ወረቀትም ለመግባት ግዴታ አይደለም፤ ብትፈርሙት እንኳ በ30 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። የጤናና የገንዘብ ውክልና ደግሞ ወላጅ አእምሯቸው ሳለ በምትኖሩበት ስቴት ሕግ ይዘጋጅ። ከዘገየ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ አስገቡ

ሁሉም ቤት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ እናታችሁን እናታችሁ የሚያደርጋትን አያውቁም። ይህን ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ለነርሷ ኃላፊ ስጡ፣ ቅጂውን አልጋው አጠገብ ለጥፉ።

ሰዓት፦ "ሁለት ሰዓት" ካለች ጠዋት ስምንት ማለቷ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ሲሰጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዓመተ ምህረት፦ የእናቴን አእምሮ በመረመሩበት ቀን "ዓመቱ ስንት ነው?" አሏት። "2015" አለች። "ወሩስ?" "የካቲት።" ፌብሩዋሪ 2023 ነበር፤ ልክ ነበረች፣ ውጤቷ ላይ ግን ስህተት ተብሎ ተጻፈ። የእኛ አቆጣጠር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚዘገይ፣ ፈተናው በአስተርጓሚ ካልሆነ እንደማይታመን ጻፉ። የልደት ቀንም ጃንዋሪ 1 የተባለው ለወረቀት የተሰጠ ከሆነ ይገለጽ።

ጾም፦ ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን። ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላል አትበላም። ሳህኑን ስትመልስ "የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ" ተብሎ እንዳይጻፍባት። ስኳር ላለባቸው ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሙስሊም ወላጅ ከሆኑ ሐላል ምግብ፣ የሶላት ሰዓትና ረመዳን ይግቡ።

ገላ፦ ሴትን ሴት ታጥባት። ነጠላዋ ከራሷ አይወሰድ። ያንገቷ ማተብ አይበጠስ።

ሕመም፦ "ደህና ነኝ" ብትልም ፊቷ ሲጨማደድ፣ "ኧረ እመቤቴ" ስትል አሟታል ማለት ነው። ለሠራተኞቹ አሥር ያህል የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ከነትርጉማቸው ጻፉላቸው፤ እንደ ውኃ፣ ሽንት፣ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ራበኝ ያሉትን። የመርሳት በሽታ የኋላ ቋንቋን ቀድሞ ሊወስድ ይችላል፤ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ የተናገረ ሰው ወደ አማርኛው ሊመለስ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከገቡ በኋላ ባሉት ሳምንታት

ነርሲንግ ሆም በ48 ሰዓት የመጀመሪያ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት፣ በ14 ቀን ሙሉ ግምገማ መጨረስ አለበት። የዕቅድ ስብሰባው ላይ መገኘት መብታችሁ ነው፤ ቀኑን ገና ስትገቡ ጠይቁ፣ አስተርጓሚም ይመዝገብ። ያለፈቃድ ማስወጣት ቢፈልጉ በአብዛኛው የ30 ቀን ማስታወቂያ በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ ይግባኝም አለው። ችግር ሲኖር ለነርሷ ኃላፊ፣ ካልተፈታ በየስቴቱ ላለው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኦምቡድስማን ንገሩ፤ ነጻ ነው፣ ሥራው ከነዋሪው ጎን መቆም ነው። የምትኖሩበትን አካባቢ ቢሮ ለማግኘት በ1-800-677-1116 ኤልደርኬር ሎኬተርን ደውላችሁ በመጀመሪያ "አማሪክ ኢንተርፕሬተር" በሉ። በተለያየ ሰዓት ሂዱ፤ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ አንድ ቀን ማታ፣ የሌሊቱ ፈረቃ ሲረከብ። ስማቸውን ያዙ። የእናቴ የሌሊት ረዳት ሴራሊዮናዊት ነበረች፤ በሁለተኛው ሳምንት ከገጹ ላይ አጥንታ "ውኃ ልስጥሽ?" ስትላት ሰማሁ።